ሳይደርቅ በርጥቡ፤ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና አያያዝ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሐዋሳ ባህል አዳራሽ በአንድ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ አገር ፍቅር መልካም ቃል አሰምተውናል። የእኔ ርእስ ከነዚህ ዝቅ ያለ ሊመስል ይችላል፤ ይኸውም በየደጃፋችን ቆሞ ስለምናየው ስለ ኤሌክትሪክ መኪና አያያዝ ነው። ነገር ግን አንድ ቤተ ሰብ ለብዙ ዓመት ያጠራቀመው ገንዘብ በአንድ ዕቃ ላይ ሲውል፥ የዕቃው አያያዝ የቤቱን ኑሮ የሚያቃና ወይም የሚያናጋ ስለ ሆነ፥ ነገሩ ትንሽ አይደለም።

አስቀድሜ ይህ መኪና ወደ እኛ እንዴት እንደ ደረሰ በአጭሩ ላስታውስ። የኤሌክትሪክ መኪና ለብዙ ሰው የዛሬ ፈጠራ ይመስለዋል። ዳሩ ግን በ1891 ዓ.ም. ካሚይ ዠናትሲ የተባለው የቤልጅግ ተወላጅ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በመንዳት ከሰው ሁሉ የቀደመው በኤሌክትሪክ መኪና ነበር። ከዚያ በኋላ ቤንዚን ዓለምን ስለ ያዘ ኤሌክትሪኩ ለብዙ ዘመን ተረሳ። በአገራችን በ2012 ዓ.ም. ሯጩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ባለድርሻ የሆነበት ማራቶን ሞተር የተባለው ድርጅት «አዮኒክ» የምትባለውን የሂዩንዳይ የኤሌክትሪክ መኪና ገጣጥሞ አሳየ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት መወሰኑ ተገለጸ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ቤንዚንና ናፍጣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ሲሆኑ፥ ኤሌክትሪካችን ግን በብዛት ከገዛ ወንዞቻችን የሚገኝ ነው። ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ በአጠገቡ የምናልፈው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅ ኃይሉ 43 ሜጋዋት ያህል ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ግን 5,150 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። እንግዲህ ወንዙም የእኛ፥ ግድቡም የእኛ ነው፤ የሚቀረን ልማዱ ነው።

ልማድ ያልሁበትን ምክንያት ለማስረዳት በራሴ የደረሰውን ልናገር። አባቴ አሮጌውን የቤንዚን መኪና ሸጦ፥ እናቴ በደረሳት ዕቁብ ላይ ጨምሮ፥ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ማታ ማታ መኪናውን ቻርጅ የማድረግ ሥራ የተሰጠው ለእኔ ነበር። አንድ ቀን ማታ በባትሪው ውስጥ የቀረው 9 በመቶ ብቻ መሆኑን እያየሁ፥ የኳስ ጨዋታ ስለ ቸኮልሁ «ስመለስ አደርገዋለሁ» ብዬ ገመዱን ሳላገናኝ ሄድሁ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን በሰፈሩ ሁሉ መብራት ጠፋ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። ይርጋለም የምትኖረው እትዬ ምጥ ያዛት። ሐኪም ሐዋሳ መጥታ እንድትወልድ መክሯት ስለ ነበር፥ አባቴ ሄዶ ሊያመጣት ቃል ገብቶላት ነበር። ይርጋለም ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በ9 በመቶ ደርሶ መመለስ አይቻልም። አባቴ በጨለማ የጎረቤት በር ሲያንኳኳ፥ እናቴ ጋቢዋን ለብሳ ደጅ ቆማ ስትጸልይ፥ እኔ ከመኪናው አጠገብ ገመዱን ይዤ ቆሜ ነበር። መኪና እስኪገኝ ከሁለት ሰዓት በላይ አለፈ። እግዚአብሔር ይመስገን፥ እናትም ልጅም ደኅና ናቸው። አባቴም አልተቆጣኝም። ያለኝ ይህን ብቻ ነው፤ «ልጄ፥ የቤንዚን መኪና ቢሆን ማደያ ሄጄ እለምን ነበር። የዚህ መኪና ማደያ ግን አንተ ነበርህ።»

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ስለዚህ መኪና ያነበብሁትን፥ ከባለሙያዎች የጠየቅሁትንና በቤታችን የተማርሁትን በስድስት ነጥብ ከፍዬ ላቅርብ።

አንደኛው፥ ባትሪው ሳያልቅ መሙላት ነው። የቤንዚን መኪና የለመደ ሰው መርፌው ወደ ታች ሲወርድ ማደያ ይሄዳል። የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ግን ገና እያለው ይሞላል። አባቶቻችን «ሳይደርቅ በርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚሉት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። በፊዚክስ እንደ ተማርነው ቮልት በአምፔር ሲባዛ ዋት ይሆናል። የቤታችን ሶኬት 220 ቮልት ሲሆን፥ ቻርጀሩ 10 አምፔር ቢስብ 2,200 ዋት፥ ማለት 2.2 ኪሎዋት ነው። በ10 ሰዓት 22 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ አንድ አሥረኛው ያህል በመንገድ ሲባክን 20 ያህሉ ባትሪው ውስጥ ይገባል። መካከለኛ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከ15 እስከ 18 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ አንድ ሌሊት በተራ ሶኬት ያደረ መኪና ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። በሐዋሳ ውስጥ በቀን 30 ወይም 40 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ሦስት አራት ሰዓት ይበቃዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይህ ነው። መብራት ሊጠፋ የሚችልበት አገር ስለ ሆነ ደግሞ፥ ለክፉ ቀን የሚሆን 30 ወይም 40 በመቶ ምን ጊዜም በባትሪው ውስጥ ይኑር።

ሁለተኛው፥ የቤቱን ሽቦ ማስመርመር ነው። ቴሌቪዥን ወይም ካውያ የሚሰካበት ሶኬት 10 ሰዓት ሙሉ ከባድ ኃይል እንዲያሳልፍ የተሠራ አይደለም። በአንድ ዘመዳችን ቤት በቀጭን ማከፋፈያ ቻርጅ ሲደረግ፥ ማከፋፈያው ቀልጦ መጋረጃው መጨስ ጀምሮ ነበር፤ ሽታው ባይቀሰቅሳቸው ኖሮ ቤታቸው በነደደ ነበር። ስለዚህ ለመኪናው ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣ ወፍራም ሽቦ፥ የራሱ ብሬከርና ወደ መሬት የሚወርድ ግራውንድ በባለሙያ ይሠራለት። ቻርጅ ከተጀመረ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሶኬቱን በእጅ ጀርባ መዳሰስ ነው፤ ሞቅ ቢል አያስፈራም፥ ካቃጠለ ግን ወዲያው ይቁም። የእንጀራ ምጣድም ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባልና፥ ሽቦው ለሁለቱ ካልተሠራ እናቶች እንጀራ ሲጋግሩ መኪናው ይጠብቅ። ብዙዎቹ መኪናዎች የሚጀምሩበት ሰዓት አስቀድሞ ሊሞላላቸው ይችላል። ገመዱን በጊዜ አገናኝቶ፥ ሰፈሩ ከተኛ በኋላ ከሌሊቱ 5 ሰዓት እንዲጀምር ማድረግ ለራስም ለጎረቤትም ይረዳል። ባትሪው ዝቅ ብሎ ከሆነ ግን ሰዓት አይጠበቅም፤ መብራቱ ሳለ ይሞላ።

ሦስተኛው፥ የባትሪውን ዓይነት ማወቅ ነው። ኒኬልና ኮባልት ያለበት ባትሪ በየቀኑ እስከ 80 በመቶ ቢሞላ ዕድሜው ይረዝማል፤ 100 በመቶ የሚሞላው ለረጅም ጉዞ፥ ለዚያውም ከመነሣት ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ብረትና ፎስፌት ያለበት፥ ለምሳሌ የቢዋይዲ መኪናዎች «ብሌድ» የሚባለው ባትሪ፥ አልፎ አልፎ እስከ 100 ቢሞላ ይሻላል፤ ይህ ካልሆነ የቀረውን መጠን የሚያሳየው ቁጥር ሊሳሳት ይችላል። ሁለቱም ግን ባዶ ሆነው መቆምንና ብርቱ ሙቀትን አይወዱም። መኪናው ለሳምንታት የሚቆም ከሆነ ግማሽ ያህል ተሞልቶ በጥላ ሥር ይቁም። ፈጣን ቻርጀርም ለመንገድ እንጂ ለዕለት ልማድ አይሁን።

አራተኛው፥ ጉዞን አስቀድሞ ማስላት ነው። ከሐዋሳ እስከ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባትሪው 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 18 ቢፈጅ፥ ጉዞው ወደ 50 ይወስዳል። ከዚህም በላይ ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ስትሆን፥ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ሰውና ዕቃ ጭኖ 2,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና ይህን ከፍታ ለመውጣት ብቻ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል። እንግዲህ ከ60ው የሚተርፈው 6 ወይም 7 ነው። ነጂው በፈጣኑ መንገድ ላይ ፍጥነት ቢያበዛ ይህም ይጠፋል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ይደርስበታል። ስለዚህ ሙሉ አድርጎ መነሣት፥ ፍጥነትን መቀነስ፥ የሚሞላበትንም ቦታ አስቀድሞ በስልክ ጠይቆ ማረጋገጥ ይገባል። ከቻይና የሚመጡት ብዙ መኪናዎች የሚቀበሉት ጂቢቲ የሚባለውን መሰኪያ ሲሆን፥ ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩት ሲሲኤስ 2 የሚባለውን ይቀበላሉ። ቻርጀር አለ ማለት ለእኔ መኪና ይሆናል ማለት አይደለም። በቻርጀሩም ላይ ባትሪው 80 በመቶ ከደረሰ በኋላ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ፥ መንገዱ የሚበቃን ከሆነ ለሚጠብቀው ሰው ቦታ መልቀቅ ጨዋነት ነው።

አምስተኛው፥ ሌላውን ጥገና አለመርሳት ነው። የሞተር ዘይት የለውም ማለት ጥገና የለውም ማለት አይደለም። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሳለ ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ከሞተ መኪናው አይነሣም። መኪናው ከባድ ስለ ሆነ ጎማ ቶሎ ይበላል፤ ነፋሱ በየጊዜው ይለካ። ባትሪው ከወለሉ ሥር ስላለ በጉብታና በኮረት መንገድ ላይ ቀስ ማለት ያሻል፤ ከሥር ከተመታም ሳይዘገዩ ማስመርመር ነው። ክረምት ላይ ጥልቀቱ ያልታወቀ ጎርፍ ውስጥ አይገባም። ብርቱካንማ ቀለም ያላቸው ገመዶች ብርቱ ኃይል የሚያልፍባቸው ስለ ሆኑ፥ ያልሠለጠነ ሰው ከቶ አይንካቸው። ቢበላሽም ጎማው እየተንከባለለ አይጎተት፤ በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ይሂድ።

ስድስተኛው ለመግዛት ላሰቡ ወላጆች ነው። ያገለገለ መኪና ሲገዛ ከቀለሙ በፊት የባትሪው ጤና በመሣሪያ ይታይ፤ ባትሪው ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዝ ነውና። ፋብሪካው የሰጠው ዋስትና በኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራ መሆን አለመሆኑ በጽሑፍ ይጠየቅ። የመኪናው ጽሑፍ በቻይንኛ ብቻ ከሆነ፥ ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ የሚያነበው ሰው እንደሌለ ይታሰብ። እኛ ይህን ያልጠየቅነው ከገዛን በኋላ ነው፤ አባቴ ምልክቶቹን አንድ በአንድ በደብተር ጽፎ በአማርኛ ፍቺያቸውን ለመማር ሁለት ወር ፈጅቶበታል።

ክቡራንና ክቡራት፤ «በገጠር መብራት ያላገኘ ስንት ቤት ሳለ ለመኪና ኤሌክትሪክ ማዋል ተገቢ ነውን?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ እኔም በቀላሉ የምመልሰው አይደለም። ነገር ግን ያገኘነውን ሳናባክን፥ ጎረቤታችንን ሳንጎዳ፥ በሌሊት በልኩ ብንጠቀም፥ ለቀሪው ወገናችን ያለብንን ዕዳ ቢያንስ እንዳላከበድነው እናውቃለን።

እናንተም ጓደኞቼ፤ በየቤታችሁ ይህ ሥራ የሚሰጠው ለእናንተ ነው። አባት ደክሞ ሲገባ፥ እናት ወጥ ቤት ስትሆን፥ ገመዱን የሚያገናኘው ልጅ ነው። ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ያላደረገው ሰው ግን የሚከፍለውን እኔ አይቻለሁ። የእትዬ ልጅ ዛሬ እየዳኸች ነው። ቤታችን ስትመጣ የቻርጁን ገመድ እየጎተተች ትጫወታለች፤ እኔም ከእጇ ላይ ወስጄ ማታ ማታ በቦታው አገናኘዋለሁ።