ከሕመምተኛው አንደበት



በ2011 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን የመታውን የቺኩንጉንያ ትኩሳት ቴርሞሜትር ይለካዋል፤ ከትኩሳቱ በኋላ ለወራት ሊዘልቅ የሚችለውን የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ግን ከሕመምተኛው በቀር የሚመሰክርለት የለም። የበሽታው ስም እንኳ በማኮንዴ ቋንቋ «የሚያጎብጥ» ማለት ነው።

እንግዲህ ተመራማሪው ምን ብሎ ይጠይቅ? በአሜሪካ የተዘጋጀው ኤስ ኤፍ 36 የተባለው መጠይቅ የሰውነትን አቅም ሲመዝን ጎልፍ መጫወትን በምሳሌነት ይጠቅሳል፤ ለቀፊራ ገበያ ነጋዴ ይህ እንቆቅልሽ ነው። ጄሪካን ማንሣት፣ ልብስ መጭመቅ፣ ለስግደት መንበርከክ ቢባል ግን መልሱ ወዲያው ይገኛል።

በድሬዳዋ ኦሮምኛና ሶማልኛ ተናጋሪውም ስላለ የአማርኛው ትርጉም ብቻውን አይበቃም። ትርጉሙ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ መግጠሙም ዋስትና አይሆንም። መጠይቁ ከመታተሙ በፊት ጥቂት ሕመምተኞች እያንዳንዱን ጥያቄ በገዛ ቃላቸው መልሰው ይንገሩ፤ ሌላ ነገር ሆኖ የተመለሰው ጥያቄ እንደ ገና ይጻፋል።