ጭሱ አጫሹ ላይ ብቻ አይቀርም

ሴት አቅራቢ፦ ወንድሜ፣ ዛሬ ስለ ትምባሆ ተመራማሪዎች ነው የምናወጋው።

ወንድ አቅራቢ፦ አዎ እህቴ። ምርምር ሲባል ነጭ ጋዋንና ማይክሮስኮፕ ይታየናል። የአገራችን አንድ ትልቅ የትምባሆ ጥናት ግን በእግር የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ጠየቁ።

ሴት አቅራቢ፦ ምን ተገኘ?

ወንድ አቅራቢ፦ ያኔ ከአዋቂዎች 5 በመቶው ትምባሆ ይጠቀም ነበር፤ ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ።

ሴት አቅራቢ፦ ትንሽ ነው ብለን እንዳንዘናጋ! አባወራው ጥግ ይዞ ጋያውን፣ በውኃ የሚጨሰውን የትምባሆ ዕቃ፣ ሲስብ፣ ውኃው ሲንቦጨቦጭ፣ እናት ልጇን አዝላ ምድጃው ዳር እንጀራ ትጋግራለች። ጋያ ነክታ የማታውቀው እሷም፣ ሕፃኑም ጭሱን ይስባሉ።

ወንድ አቅራቢ፦ «ውኃው ያጣራዋል» የሚሉም አሉ። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀርም። ኒኮቲን በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ ሱሱ የሚጠናውም ለዚህ ነው።

ሴት አቅራቢ፦ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን ከልክሏል። ባለሱቆች፣ አደራችሁን! ወላጆችም ልጅ ልካችሁ ሲጋራ አታስገዙ።

ወንድ አቅራቢ፦ የጥናቱ ጠያቂዎች ደጃፋችን ድረስ ደክመው መጥተዋል። መልሱ የእኛ ነው።