«ተከተብሽ ወይ?»

ውኃ ልትቀዱ ወረፋ የያዛችሁ፣ ሱቅ ከፍታችሁ የተቀመጣችሁ፣ ምጣድ የጣዳችሁ እናቶች፣ ሁላችሁም ወደ ጤና ዝግጅታችን እንኳን ደኅና መጣችሁ። ዛሬ የምናገረው ስለ ኮሮና ክትባት ነው። «ኮሮና አልፎ የለም እንዴ? አሁን ደግሞ ምን አስታወሳት?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ያስታወሰኝ ኮሮና ሳይሆን ፖሊዮ ነው።

እንደምታስታውሱት በ2024 በዚሁ በካኩማ የፖሊዮ ቫይረስ በመገኘቱ በኦክቶበር ወር ለሕፃናት የአፍ ጠብታ ይሰጥ ነበር። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆች አቆጣጠር የምጠራው የሐኪም ቤት ካርዳችን ሁሉ በዚያ ስለተጻፈ ነው። ታዲያ እኔም ከሥራ ጓደኞቼ ጋር በየብሎኩ እየዞርኩ በር አንኳኳ ነበር። አንዲት የሁለት ልጆች እናት በሯን ገርበብ አድርጋ፣ «ይሄ የኮሮናው ነው?» አለችኝ። «አይደለም፣ የፖሊዮ ነው፤ መርፌም የለውም፤ ሁለት ጠብታ ብቻ ነው» ብዬ መለስኩላት። እርሷም «ያኔም ምንም አያደርግም ብለሽን ነበር» አለችና በሩን ዘጋችው።

እኔም ደጇ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ልጅቷ አልዋሸችም። «ምንም አያደርግም» ብዬ የተናገርኩት እኔው ነኝ፤ ያውም በድምፅ ማጉያ። ስለዚህ ያን ጊዜ የሆነውን፣ እኔ የወሰንኩትንና ጎረቤቶቼ የወሰኑትን፣ የተሳሳትኩትንም ጭምር ሳልደብቅ ልንገራችሁ ብዬ ነው ዛሬ የመጣሁት።

የመጀመሪያው ክትባት ኬንያ የገባው በማርች 2021 መጀመሪያ ላይ ነበር። አስትራዜኒካ የሚባለው ሲሆን ብዛቱም አንድ ሚሊዮን ያህል ነበር። ቅድሚያ የተሰጠው ለጤና ሠራተኞች፣ ለመምህራንና ለጸጥታ አስከባሪዎች ሲሆን፣ ቀጥሎ ዕድሜያቸው ከ58 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ተፈቀደ። እኛ በየብሎኩ የምንዞር የጤና ሠራተኞች ከፊተኞቹ ነበርን።

እውነቱን ለመናገር እኔ ስከተብ አምኜበት አልነበረም። ኃላፊያችን ስም ዝርዝር ይዞ ሲጠራ «አይ» ማለት አፈርኩ። በዚያው ወር ዴንማርክ፣ ከዚያም ጀርመን፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ይህንኑ ክትባት ለጊዜው ማቆማቸውን በስልኬ አንብቤአለሁ። «ፈረንጅ የተወውን ለኛ ላኩት» የሚለው ወሬ ካምፑን አዳርሷል። እኔም በልቤ ይህንኑ እያሰብኩ ክንዴን ሰጠሁ።

በዚያች ሌሊት ትኩሳት ያዘኝ፤ አጥንቴ ሁሉ ተቆራረጠ። ጠዋት ስነሳ ደጄ ላይ አምስት ስድስት ሰው ቆሟል። ሊጠይቁኝ የመጡ መስሎኝ ነበር። ለካ መሞት አለመሞቴን ሊያዩ ነው! አንዷ ጎረቤቴ ቡና ይዛ መጥታ «ተከተብሽ ወይ? እውነት ነው?» እያለች ክንዴን ገልጣ አየች። በሁለተኛው ቀን ተነስቼ ልብስ ሳጥብ ሲያዩኝ ሁሉም ተበተኑ። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ድምፅ ማጉያ ይዤ «እኔን እዩኝ፣ ምንም አያደርግም» ማለት የጀመርኩት።

ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። አብዛኛውን ሰው ከሁለት ቀን ትኩሳትና ከክንድ ሕመም በቀር ምንም አያደርገውም ብል ኖሮ እውነት ነበር። ነገር ግን አስትራዜኒካ በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ ደም የመርጋት ችግር እንደሚያስከትል በአውሮፓ ተረጋግጦአል። ይህም ከመቶ ሺህ ሰው በአንድ ወይም በሁለት ሰው ላይ የሚደርስ ነው። በኮሮና መታመም ራሱ ደም የሚያረጋው ከዚህ እጅግ በበዙ ሰዎች ላይ ነው፤ ሆኖም እኔ ሁለቱንም ለሰው ነግሬ ማመዛዘኑን ለእርሱ መተው ሲገባኝ ግማሹን ዋጥኩት። ሰዎች ሌላውን ግማሽ ከስልካቸው ሲያገኙት ደግሞ እኔ የተናገርኩት እውነትም አብሮ ውሸት ሆነ።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር ላሳስብ። በ2021 አስትራዜኒካን ወይም ጆንሰን የሚባለውን ተከትባችሁ እስከ ዛሬ የምትሰጉ አላችሁ። የደም መርጋቱ አደጋ ያለው ከክትባቱ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። ይኸው ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ እግራችሁ ቢያብጥ ወይም ደረታችሁን ቢወጋችሁ በእርግጥ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ ምክንያቱ ግን ያ መርፌ ነው ብላችሁ ሌሊት እንቅልፍ አትጡ።

አሁን ስለ አንድ ጎረቤቴ ልንገራችሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ታሪኩን እንድናገር ባለቤታቸው ፈቅደውልኛል። እኛ ጋሼ እያልን ነበር የምንጠራቸው። ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ፣ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ፣ በካምፑ ረጅም ዘመን የቆዩ ሰው ነበሩ። በኤፕሪል 2021 ክትባቱ ለአረጋውያን ሲፈቀድ እቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። ያ ወቅት ዐቢይ ጾምና ረመዳን የተገናኙበት ስለነበር ጥያቄው ሁሉ ስለ ጾም ነበር። በእስላሙም በክርስቲያኑም ብሎክ «መርፌ ያስገድፋል ወይ?» ይሉኛል። የእኛ ሰፈር ሼህ መርፌ ምግብም መጠጥም አይደለም፣ ጾም አያስፈታም ብለው ራሳቸው ቀድመው ተከተቡ። ቄሱም እንዲሁ፣ ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም አሉ። የጋሼ ችግር ግን ጾም አልነበረም፤ ፕሮሰስ ነበር።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ ፋይሌ የተከፈተው ስንት ዓመቱ ነው? አንድ ነገር ብሆን፣ ወይም ኮሮና አለበት ቢሉኝ፣ ፋይሌን አንስተው ይጥሉታል።» ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በማርች 2020 የስደተኞች የሦስተኛ አገር ጉዞ በሙሉ ቆሞ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን፤ እንደገና የተጀመረው በጁን ነው። ሻንጣ አስረው የቀሩ ሰዎች በመካከላችን አሉ። በኤፕሪል 2020 መጨረሻ ላይ ደግሞ ከካኩማም ሆነ ከዳዳብ መውጣትና መግባት ተከለከለ። በሽታው በሳምባ ሳይሆን በወረቀት የሚገድል መስሎ ቢታያቸው አልፈርድባቸውም። እኔም ክትባት የሚሰጠው ነርስ የማንንም ፋይል እንደማይከፍትና እንደማይዘጋ ነገርኳቸው፤ ካርዱም በእጃቸው የሚቀር ነው። አልተቀበሉኝም። ባለቤታቸው ግን፣ እርሳቸውም የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፣ «እንግዲህ አንዳችን እንሞክረው» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ከኔ ጋር ወጡና ተከተቡ።

ጋሼ ባለቤታቸውን ሁለት ወር ሙሉ ሲያዩ ከረሙ። ምንም እንዳልሆኑ ባዩ ጊዜ ሐሳባቸውን ለወጡ። በጁን መጨረሻ አንድ ቀን ማለዳ በዱላቸው እየተደገፉ፣ በዚያ ፀሐይና አቧራ፣ ለማንም ሳይናገሩ ወደ ክሊኒኩ ሄዱ። «አልቋል፣ በሚቀጥለው ወር ይመለሱ» ተብለው ተመለሱ።

ምክንያቱ ይህ ነበር። ክትባቱን በብዛት ታመርት የነበረችው ሕንድ በዚያ ዓመት በራሷ ሕዝብ ላይ በሽታው ስለበረታ ወደ ውጭ መላኩን አቆመች። ኬንያም ያላትን አብቃቅታ ለመጠቀም በመጀመሪያውና በሁለተኛው መርፌ መካከል ያለውን ጊዜ ከ8 ወደ 12 ሳምንት አራዘመችው። ስለ ክትባት ሲነሳ ሁልጊዜ «ሕዝቡ እምቢ አለ» ይባላል። እምቢ ያለ ነበር፤ እሺ ብሎ ሄዶ ያጣም ነበር። ጋሼ በሁለቱም በኩል አልፈዋል። ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኘኋቸውና «እግዚአብሔር አልፈቀደም» ብለውኝ ሳቁ። ስማቸውን መዝግቤ፣ ሲመጣ እጠራዎታለሁ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

በጁላይ ሳል ጀመራቸው። ለማንም አልተናገሩም። ባለቤታቸው በኋላ እንደነገሩኝ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በማር፣ ፌጦም በሎሚ ይወስዱ ነበር። እነዚህ ጉሮሮ ያለሰልሱ ይሆናል፤ የሳምባን መታፈን ግን አያነሱም። ለምን ሐኪም ቤት አልሄዱም ብትሉ፣ ለይቶ ማቆያ ቢያስገቡኝና በዚያን ቀን ስለ ፕሮሰስ ስልክ ቢደወልስ ብለው ነው። ስልካቸውን ትራሳቸው ሥር አድርገው ስድስት ቀን ቆዩ። በስድስተኛው ሌሊት ተኝተው መተንፈስ አቃታቸውና ተቀምጠው አደሩ። ጠዋት በሞተር ብስክሌት ከኋላ ደግፈናቸው ወሰድናቸው። ኦክስጅን ተሰጣቸው፣ ምርመራውም ኮሮና መሆኑን አሳየ። በሦስተኛው ቀን አረፉ። ዕድራችን ድንኳን አልጣለም፤ ቀብሩ ላይ ጥቂት ሰዎች ተራርቀን ቆምን። ባለቤታቸውም በዚያው ሳምንት አተኩሷቸው ሦስት ቀን ተኝተው ተነሡ።

አሁን «እይ፣ የተከተበችው ዳነች፣ ያልተከተበው ሞተ» ብዬ ብናገር ለንግግሬ ያምርልኝ ነበር። ግን አንድ ቤት ማስረጃ አይሆንም። ተከትበው የሞቱም አሉ፣ ሳይከተቡ በጉንፋን ልክ ያለፈላቸውም ብዙ ናቸው። ማስረጃ የሚሆነው በብዙ አገሮች ብዙ ሰው ተቆጥሮ የተገኘው ነው፤ እርሱም ክትባቱ በተለይ አረጋውያንንና የቆየ ሕመም ያለባቸውን ከከባድ ሕመምና ከሞት በእጅጉ እንደሚከላከል ነው። በበሽታው ከመያዝ የሚከላከለው ግን በወራት ውስጥ እየደከመ ይሄዳል። «ተከትቤም ታመምኩ፣ ታዲያ ምን ጠቀመኝ?» የምትሉት ለዚህ ነው። ክትባት ማለት ለዘበኛ የሌባውን ካፖርት አሳይቶ ማሰልጠን ነው፤ ሌባውን ራሱን ግቢ ማስገባት አይደለም። ዘበኛው ሌባው አጥር እንዳይዘል ሁልጊዜ ላያግደው ይችላል፤ ጓዳ ሳይደርስ ግን ይይዘዋል።

ሌላው ብዙ የተጠየቅሁት ስለ መውለድ ነው። በዚያን ጊዜ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር የነበረች አንዲት ወጣት ጎረቤቴ ባሏ ናይሮቢ ሆኖ ስልክ እየደወለ «እንዳትነኪው፣ ያመክናል» ይላታል። እርሷም «እህቴ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?» አለችኝ። በዚያን ጊዜ በቂ መልስ አልነበረኝምና ሐኪሟን እንድትጠይቅ ነገርኳት። እርሷም እስክትወልድ ለመቆየት ወሰነች፣ ወለደች፣ ከዚያ ተከተበች። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ልጅ ወልዳለች፤ ባሏንም «መካንነቱ የት ደረሰ?» እያለች ታበሽቀዋለች። ዛሬ መልሱ ይታወቃል። ክትባቱ ወንድንም ሴትንም አያመክንም። የአንዳንድ ሴቶችን የወር አበባ በአንድ ቀን ገደማ ሊያዘገይ ይችላል፤ ያም ይስተካከላል። ኮሮና ነፍሰ ጡርን ከሌላው ሴት ይበልጥ ስለሚጎዳ አሁን ክትባቱ ከሚመከርላቸው ሰዎች መካከል ነፍሰ ጡሮች አሉበት።

ታዲያ ዛሬ ማን ይከተብ? የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን አስቸኳይ ሁኔታ በሜይ 5 ቀን 2023 አንሥቷል። በሽታው ግን አልጠፋም። ጤነኛ የሆነ ወጣትና ልጅ እንደ ድሮው አይጣደፍም። አረጋውያን፣ የስኳር፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ፣ ኤች.አይ.ቪ. በደማችሁ ኖሮ የመከላከል አቅማችሁ የደከመ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ እንደኔ ከበሽተኛ ጋር የምትውሉም፣ ለወርኃዊ መድኃኒታችሁ ስትሄዱ «የኮሮና ክትባት አለ ወይ? ለኔ ያስፈልገኛል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የትኛው ዓይነት እንደሆነ፣ ምን ሊያደርጋችሁ እንደሚችልና ቢያማችሁ ወዴት እንደምትመለሱ ሳትጠይቁ አትነሡ። «የለም» ከተባላችሁ ስማችሁን አስመዝግቡ። መዝጋቢው ቢሰለች ይሰልች።

የልጆቹ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው፤ አንዱን ከሌላው አታደባልቁ። በ9 ወርና በ18 ወር የሚሰጠው የኩፍኝ ክትባትም ሆነ የፖሊዮ ጠብታ ከኮሮና በፊት ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲሰጥ የኖረ ነው፤ እኛም ራሳችን ያደግንበት ነው። ኩፍኝ እንዲህ ተጨናንቀን በምንኖርበት ቦታ ከአንድ ልጅ ወደ ሌላው ለመዝለል አንድ ቀን አይፈጅበትም።

ያቺ በሯን የዘጋችብኝ እናት ጋ በማግስቱ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ጠብታውን አላነሣሁባትም። ደጇ ተቀምጬ አሁን ለእናንተ የነገርኳችሁን የጋሼን ታሪክና የእኔን ስህተት ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ፣ ቡናም አላፈላችልኝም። በሦስተኛው ቀን ሳልፍ ራሷ ጠራችኝ። ታናሹን አቅፋ፣ «አፉን ይዤልሽ ወይስ አንቺ ትይዣለሽ?» አለችኝ። ትልቁ ግን ከአልጋ ሥር ተደብቆ እስክናወጣው ድረስ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን።

ጥያቄ ያላችሁ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ከውኃ ታንከሩ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ታገኙኛላችሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ሕፃናት ተቅማጥና በቤት ስለሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ውኃ እንነጋገራለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።