ጥንካሬና ቻይነት
(ስለ አልማዝ ጽናትና ስለ አልማዝ ጌጥ አጠባበቅ በአንበሳሜ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



በተወለድሁባት በአንበሳሜ፣ በሙያ ጓደኞቼ ፊት ቆሜ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። መሐንዲስ ስለ መንገድና ስለ ድልድይ ሲናገር መስማት የለመደ ሁሉ፣ ስለ ቀለበት ፈርጥ ልናገር መነሣቴን ሲሰማ ሳይደነቅ አይቀርም። ርእሱን የመረጥሁት ግን በሙያዬ ስም የሰጠሁት አንድ የተሳሳተ ቃል ስላለ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በውጭ አገር የምትኖረው ታላቅ እኅቴ አነስተኛ የአልማዝ ፈርጥ ያለበት የወርቅ ቀለበት ለእናታችን ላከችላት። እናቴ ቀለበቱን በጣቷ አጥልቃ ካየችው በኋላ «ልጄ፣ ይህ ነገር ሥራ ይችላል? ወይስ ለዓመት በዓል ላስቀምጠው?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም በትምህርት ቤት የተማርሁትን አስታውሼ «እምዬ፣ ከአልማዝ የሚጠነክር ድንጋይ የለም፤ አይዞሽ፣ ሥሪበት» አልኋት። ዓመት ሳይሞላ ቡና ስትወቅጥ እጇ አዳልጧት ቀለበቱ ከብረቱ ሙቀጫ ከንፈር ጋር ተጋጨ፤ ከፈርጡም ጠርዝ ላይ ስንጣሪ ወጣ። እናቴ አልተቆጣችም። «አይዞሽ ብለኸኝ አልነበረም?» ብቻ አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ ተገቢውን መልስ ለመስጠት በመጀመሪያ የጥንካሬን ትርጉም መመርመር ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1812 ፍሪድሪክ ሞስ የተባለው ጀርመናዊ የማዕድን ሊቅ ማዕድናትን ከ1 እስከ 10 በሚደርስ የጥንካሬ ደረጃ መደባቸው። የመለኪያው ሕግ ቀላል ነው፤ አንዱ ማዕድን ሌላውን መጫር ከቻለ ጫሪው ከተጫሪው ይበልጣል። በዚህ ሕግ መሠረት ታልክ የ1ኛውን፣ አልማዝ የ10ኛውን ደረጃ ያዙ። ሩቢና ሰንፔር በ9ኛው ደረጃ ላይ ቢገኙም፣ በ9 እና በ10 መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት በታችኞቹ ደረጃዎች መካከል ካለው እጅግ የሰፋ ነው። ምክንያቱም አልማዝ ከካርቦን የተሠራ ሆኖ፣ እያንዳንዱ አቶም ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር በብርቱ ማሰሪያ የተያያዘ በመሆኑ ነው። እኛም እብነ በረድና ኮንክሪት ስንቆርጥ በመቁረጫው ዲስክ ጠርዝ ላይ የአልማዝ ብናኝ የምንጠቀመው ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ጭረትን መቋቋም አንድ ነገር ነው፤ ምትን መቋቋም ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ጥንካሬ፣ ሁለተኛውን ቻይነት ብለን እንለያቸው። የሸክላ ምጣድ ከጠፍር ይልቅ ጠንካራ ነው፤ ከእጅ ቢያመልጥ ግን የሚሰበረው ምጣዱ እንጂ ጠፍሩ አይደለም። አልማዝም እንደ ማገዶ እንጨት የሚፈለጥባቸው አራት አቅጣጫዎች በውስጡ አሉት። በእነዚህ አቅጣጫዎች ላይ ያረፈ አንድ ምት ሊሰነጥቀው ይችላል። በ1905 በደቡብ አፍሪካ የተገኘው 3,106 ካራት የሚመዝነው ኩሊናን የተባለው አልማዝ፣ በ1908 በአምስተርዳም የተከፈለው በዚሁ ጠባዩ ነው፤ ባለሙያው ስለት አኑሮ መታውና ተከፈለ። በጥንት ዘመን ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ አልማዝ በመስፍ ላይ ተቀምጦ በመዶሻ ቢመታ አይበገርም ብሎ ጽፎ ነበር። የእኔም ስሕተት የእርሱ ስሕተት ነበር።

የራሳችን ክልል ደግሞ ተቃራኒውን ምሳሌ ይሰጠናል። በደቡብ ወሎ፣ በደላንታ ወረዳ፣ በወገል ጤና አካባቢ በ2008 የተገኘው ኦፓል በሞስ ደረጃ ከ6 ብዙም አይርቅም፤ ስለዚህ አልማዝ በቀላሉ ይጭረዋል። ሆኖም ተመራማሪዎች ከ1.5 ሜትር ከፍታ ወደ ኮንክሪት ወለል የጣሏቸው ናሙናዎች ሳይሰበሩ ቀርተዋል። ይሁን እንጂ ይህ ኦፓል ውሃና ዘይት ወደ ውስጡ የሚመጥ ነው። ስለዚህ አሁን ስለ አልማዝ የምናገረውን የአጠባበብ ዘዴ፣ በተለይም እጥበቱን፣ ለወገል ጤና ኦፓል ማዋል አይገባም።

አንደኛ፤ በእጅ ሥራ ጊዜ ቀለበትን ማውለቅ ነው። እንጨት ሲፈለጥ፣ ቡና ሲወቀጥ፣ በአውደ ጥናትም መሣሪያ ሲጨበጥ ቀለበት በጣት ላይ መቆየት የለበትም።

ሁለተኛ፤ ፈርጡን ጨብጠው የሚይዙትን የወርቅ ጥፍሮች መመርመር ነው። ወርቅ ለስላሳ ስለ ሆነ ጥፍሮቹ በጊዜ ብዛት ያልቃሉ፤ ፈርጡም ሳይሰበር ወድቆ ይጠፋል። ጥፍሩ የነጠላ ክር መያዝ ከጀመረ፣ ወይም ቀለበቱ በጆሮ አጠገብ ሲነቀነቅ ድምፅ ከሰጠ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ አንጥረኛ መውሰድ ይገባል። አልማዝ በአየር ውስጥ ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ሊቃጠል ስለሚችል፣ እሳት ከመቅረቡ በፊት ፈርጡ አልማዝ መሆኑን ለአንጥረኛው መንገር ያስፈልጋል። ሁልጊዜ ለምትሠራ እጅ ደግሞ በጥፍር ከተያዘው ይልቅ ዙሪያውን በወርቅ ከንፈር የታቀፈው ፈርጥ ይመረጣል።

ሦስተኛ፤ አልማዝ ስብ ይወዳል። በደቡብ አፍሪካ ማዕድን ማውጫዎች አልማዙን ከሌላው ጠጠር የሚለዩት ስብ በተቀባ ገበታ ላይ ከውሃ ጋር በማሳለፍ ነበር፤ ጠጠሩ ሲያልፍ አልማዙ ይጣበቃል። ከወጥ ቤትና ከጠጉር የሚመጣ ቅቤም እንዲሁ ተጣብቆ ያደበዝዘዋል። ለብ ባለ ውሃ፣ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ቢታጠብ ብርሃኑ ይመለሳል። በረኪና ግን ከወርቁ ጋር የተቀላቀሉትን ብረቶች ስለሚጎዳ ሊነካው አይገባም።

አራተኛ፤ አልማዝን ከሌላ ጌጥ ጋር በአንድ ሣጥን ውስጥ ማደባለቅ አይገባም። ሌላውን ሁሉ ስለሚጭር፣ ለብቻው በለስላሳ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ።

የእናቴን ቀለበት አንድ አንጥረኛ አቃንቶታል። ፈርጡን አዙሮ የተሰነጠረውን ጠርዝ ከአንዱ ጥፍር ሥር አስገባው፤ ለሚያየው ሰው አይታወቅም። እናቴ ዛሬ ቀለበቱን የምታጠልቀው ለዓመት በዓልና ለሠርግ ነው፤ ሙቀጫ ስታነሣ ታወልቀዋለች።

ክቡራን ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እናቴ ምንም ሳትማር ትክክለኛውን ቃል ተጠቅማ ነበር። «ሥራ ይችላል?» ብላ ስለ ቻይነት ስትጠይቀኝ፣ እኔ ስለ ጥንካሬ መለስሁላት። የተናገርሁት ሐሰት አልነበረም፤ የተጠየቅሁትን ግን አልመለስሁም። ነገ አንድ ገበሬ «ይህ ድልድይ ክረምቱን ይችላል?» ብሎ ሲጠይቀን፣ የኮንክሪቱን ጥንካሬ በቁጥር ነግረነው እንዳንሄድ። ጎርፉ መሠረቱን ሲሸረሽር ምን እንደሚሆን ነው የጠየቀን።