ብላቴን ጌታ ኅሩይ ጃፓን በገቡበት ዓመት

የዛሬው ወጋችን ከአዲስ አበባ በባቡር ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ጃፓን ድረስ ይወስደናል። መንገደኛው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው፤ ደራሲ፣ የማተሚያ ቤት ባለቤት፣ በጊዜው ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር። ዘመኑ 1924 ዓ.ም. ነው። የጃፓኑን ታሪክ ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብናወራው ይቀለናል፤ ጉዞው 1931 ላይ ይውላል።

ለወጉ ያህል ጉዞው የምስጋና ነበር፤ ጃፓን ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል መልእክተኛ ልካ ነበርና። ከምስጋናው ጀርባ ግን ሌላ ነገር አለ። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ታውጆ ነበር። አርቃቂው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ዋና ምሳሌ ያደረጉት ደግሞ የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት ነው።

ለምን ጃፓን? የጊዜው ምሁራን መልሱ አልከበዳቸውም። ጃፓን ንጉሠ ነገሥቷን ሳትጥል በአንድ ትውልድ ዕድሜ ባቡርም፣ ትምህርት ቤትም፣ መርከብም አበጅታለች። ከዓድዋ ዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1905፣ ሩሲያን አሸንፋለች። ጸሐፊው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም ከሕገ መንግሥቱ በፊት ጃፓንን እያነሱ አገራቸውን ይወቅሱ ነበር።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ተክለ ሐዋርያት የተመለከቱት ጽሑፍና ኅሩይ የደረሱባት አገር አንድ አልነበሩም።

በ1890 ጃፓን የመጀመሪያውን ምርጫ ስታካሂድ ድምፅ መስጠት የሚችለው 15 የን ቀጥታ ግብር የሚከፍል ወንድ ብቻ ነበር፤ ከመቶው ሕዝብ አንድ ሰው ቢሆን ነው። ያንን በር ማን ከፈተው? አንዱ ታሪክ የሚጀምረው ከዓሣ አጥማጆች ሚስቶች ነው። በ1918 ክረምት የሩዝ ዋጋ ሰማይ ሲነካ፣ በቶያማ ክፍለ ሀገር የባሕር ዳር መንደሮች ያሉ ሴቶች ሩዙ በመርከብ ተጭኖ እንዳይሄድብን ብለው ወጡ። ነገሩ ከመንደር ወደ ከተማ ተዛመተ፤ ወታደር እስኪወጣ ድረስ አገሩ ታመሰ። የጄኔራል ቴራውቺ መንግሥት በዚህ ሰበብ ወደቀ። በቦታው የመጣው ሃራ ታካሺ የመሳፍንት ማዕረግ የሌለው የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር፤ የፓርቲ መሪም ነው። እርሱም በ1921 ቶኪዮ ባቡር ጣቢያ ውስጥ በጩቤ ተወግቶ ሞተ። ነገር ግን በ1925 ዕድሜው 25 ለሞላው ወንድ ሁሉ ድምፅ ተፈቀደ። ሴቶቹማ፣ ሁሉን ያስጀመሩት፣ እስከ 1946 ጠበቁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከ1889ኙ ሕገ መንግሥት 76 አንቀጾች አንዲቱም አልተነካችም። አገሩን የለወጡት ጋዜጣው፣ አደባባዩና ፓርቲው ናቸው። እነርሱን ደግሞ ማንም ከመጽሐፍ ሊገለብጣቸው አይችልም።

ያው ያልተነካ ጽሑፍ ሌላም ነገር አቅፎ ነበር። የጦር ሠራዊት አዛዥነት ለንጉሠ ነገሥቱ እንጂ ለካቢኔው አልተሰጠም። በመስከረም 1931፣ ኅሩይ ጃፓን ሊገቡ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ፣ በማንቹሪያ የነበረው ጦር ከካቢኔው ሳይታዘዝ ጦርነት ከፈተ። የኢትዮጵያው መልእክተኛ በክብር እየተስተናገዱ በነበሩበት ወቅት፣ አስተናጋጁ መንግሥት ራሱ ጉልበቱ ተብረክርኮ ነበር፤ በታኅሣሥም ወደቀ። ተተኪው ጠቅላይ ሚኒስትር ኢኑካይ ጹዮሺ ሜይ 15 ቀን 1932 በወጣት የባሕር ኃይል መኮንኖች ጥይት ተገደለ። ከእርሱ በኋላ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እስኪያበቃ ድረስ የፓርቲ መሪ ጠቅላይ ሚኒስትር አልሆነም።

ኅሩይ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘውን የጉዞ መጽሐፋቸውን ያሳተሙት በዚያው በ1924 ዓ.ም. ነው። ለጃፓን ያሳዩትን አድናቆት መውቀስ አይገባም፤ የመንግሥት እንግዳ የሚያየው የተሰናዳለትን ነው። በፋሺስት ወረራ ጊዜ ግን ያቺው ጃፓን የጣሊያንን የኢትዮጵያ ይዞታ እ.ኤ.አ. በ1936 ተቀበለች። ኅሩይ በስደት እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 አረፉ።

እኛስ? የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን 55 አንቀጾች ነበሩት። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላትን ንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር፤ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ደግሞ፣ ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ፣ መኳንንቱና ሹማምንቱ ይመርጡ ነበር። ሕዝቡ በቀጥታ ድምፅ የሰጠበት የመጀመሪያው ምርጫ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ በዚያም ምርጫ ላይ አንድም የፖለቲካ ፓርቲ አልተወዳደረም።