ቅኔ ቤቱና መድረኩ፤ ያልታወቀ ተውኔት ለወጣቶች ስለ መስጠት



ደብረ ኤልያስ ላይ ቆሞ ስለ ቴአትር መናገር ከባድ አደራ ነው። ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የተወለዱትም ቅኔውን የቀሰሙትም እዚሁ ነው። በ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል የተሰማውን፣ ከዚያም ከአርባ ዓመት በላይ የተዘመረውን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የጻፉት እኒህ የአገራችሁ ልጅ ናቸው። ዛሬ ግን ላነሣው የምፈልገው ተዋንያናቸውን ነው። የቴአትር ትምህርት ቤት ባልነበረበት በዚያ ዘመን፣ መምህሩ ዮፍታሔ ተውኔታቸውን ይዘው ወደ መድረክ የወጡት ከተማሪዎች ጋር ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁም እዚሁ ደብረ ኤልያስ ጉባኤ ቤት ቅኔ ከተማሩ በኋላ፣ ገና በወጣትነታቸው «የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ» የተሰኘ ተውኔት ጽፈዋል፤ ልብ ወለዳቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከመታተሙ ብዙ ዓመታት ቀድሞ ማለት ነው።

እነዚያ ተውኔቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታዩ ማንም አያውቃቸውም ነበር። ዛሬ ግን ወጣቶች ያልታወቀ የዘመናችን ተውኔት ለማዘጋጀት ሲነሡ፣ «ይህን ማን ያውቀዋል? ሕዝብ የሚወደውን የታወቀ ሥራ አሳዩ እንጂ» እንላቸዋለን። ምክሩ ከቅንነት ቢመጣም የዚህን አገር ልማድ የዘነጋ ይመስለኛል።

ቅኔ ቤት ሕግ አለው። ተማሪው ብቻውን ዞር ብሎ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል፤ ሲመሽ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል። ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃናም ይሁን ስምንት ቤት ያለው መወድስ፣ የራሱ መሆን አለበት። የሌላውን ቅኔ ይዞ የቀረበ ያፍራል። የትናንቱ የቱንም ያህል ቢያምር ለዛሬ አይሆንም። ይህን ሕግ ለዘመናት የጠበቀ አገር መድረኩ ላይ አዲስ ቃል ሲሰማ ሊደነግጥ አይገባውም።

ለወጣት ተዋናይም ያልታወቀ ተውኔት የሚጠቅመው በዚሁ ምክንያት ነው። አንድን ልጅ «አፄ ቴዎድሮስን ሁን» በሉት፤ ወዲያው ከዚህ በፊት የሰማውን የሌላ ተዋናይ ድምፅ አጎርንኖ ያመጣል። ማንም ያልተጫወተው ገጸ ባሕርይ ሲደርሰው ግን የሚቀዳው ድምፅ የለም። ያለው ቃለ ተውኔቱና የሰፈሩ ሰው ብቻ ነው።

በጥናት ክፍል የሚሆነውን ላሳያችሁ። አንዲት ተዋናይት «ነገ እመጣለሁ» የምትል አጭር ቃል አለቻት እንበል። መጀመሪያ እንደ ንባብ ትለዋለች። አዘጋጁ «ለማን ነው የምትዪው?» ይላታል። «ለእናቴ» ብላ ስትደግመው ድምፅዋ ይለሰልሳል። «ነገ እንደማትመጪ ታውቂያለሽ?» ሲላት ዝም ትላለች። በሦስተኛው፣ ቃሉን ከመናገሯ በፊት ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ ዓይኗን ከእናቲቱ ታሸሻለች። ቃሉ ያው ሁለት ቃል ነው፤ ስንብት መሆኑን ግን የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። ሰሙ ቃሉ ነበር፤ ወርቁን ያገኘችው እሷ ናት። ማንም ቀድሟት ስላልተናገረው ራሷ መፈለግ ነበረባት።

በዮፍታሔ ዘመን የሴትን ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ። ዛሬ ሴቶች ልጆቻችን ራሳቸው መድረክ ላይ ሊቆሙ ይችላሉ፤ ነገር ግን ጥናት አምሽቶ ስለሚያልቅ ብዙ ወላጅ ሴት ልጁን ይከለክላል። ስጋቱ እውነተኛ ነው። መፍትሔውም በእጃችን ነው፤ ጥናቱ በቀን ይሁን፣ መምህራን አንድ ክፍል ይክፈቱ፣ ከእናቶችም ተራ ገብተው የሚቀመጡ ይኑሩ።

አባቶች ሆይ፣ ከእናንተ የምንለምነው ከጭብጨባ ይበልጣል። ቅኔ ቤት ተማሪው ተናግሮ ሲጨርስ መምህሩ ዝም ብሎ አያሰናብተውም፤ የጎደለውን ይሞላለታል፣ የተበላሸውን ያርምለታል። እነዚህ ልጆችም ተውኔታቸውን ይዘው ሲቀርቡ፣ መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ጥቂት ቆዩላቸው። የትኛው ቃል እንደነካችሁ፣ የትኛው እንዳልገባችሁ ንገሯቸው። ተውኔቱን ይዘው ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ ሲሻገሩ የእናንተን እርማት ይዘው ይሂዱ።