ከኮከብ ብርሃን የሚጎድለው ኢምንት



ፕላኔት የራሷ ብርሃን የላትም፤ ከሩቅ ስትታይም በምትዞረው ኮከብ ድምቀት ትዋጣለች። ስለሆነም በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ ያሉ ፕላኔቶችን ለማግኘት ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱ ፕላኔቷን ማየት ሳይሆን የምትጋርደውን ብርሃን መለካት ነው። ፕላኔቷ በኮከቡ ፊት ስታልፍ ብርሃኑ ለጥቂት ሰዓታት ይቀንሳል። ከተቀነሰው መጠን ግዝፈቷ፣ ከድግግሞሹም የዓመቷ ርዝመት ይሰላል።

ችግሩ የመጠኑ ማነስ ነው። የመሬት ዲያሜትር ከፀሐይ ዲያሜትር 109 ጊዜ ያህል ያንሳል። ስለዚህ መሬት በፀሐይ ፊት ስታልፍ ከሩቅ ለሚመለከት የምትጋርደው ብርሃን ከ12 ሺህ እጅ አንዱን እጅ ብቻ ነው።

በአሜሪካ የጠፈር ድርጅት በናሳ፣ የኤምስ ምርምር ማዕከል ባልደረባ የነበሩት ዊልያም ቦሩኪ እ.ኤ.አ. በ1984 ከኦድሪ ሰመርስ ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ ይህ ልኬት ከጠፈር ሊከናወን እንደሚችል አመለከቱ። ይሁን እንጂ ዕቅዱ በ1992፣ በ1994፣ በ1996 እና በ1998 ቀርቦ አራት ጊዜ ውድቅ ሆነ። አንድ ጊዜ የብርሃን መቀበያው ብቃት፣ ሌላ ጊዜ ወጪው፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ከዋክብትን ባንድነት መለካት መቻሉ አጠራጠረ።

በመጨረሻ ቡድኑ በቤተ ሙከራ ውስጥ ሰው ሠራሽ ሰማይ አቆመ። ሰሌዳ ላይ ተበስተው ከኋላ የበራባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከዋክብት ሆኑ። በአንዳንዶቹ ቀዳዳዎች ላይ ቀጭን ሽቦ ተዘረጋ፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ሽቦው ሞቆ በኢምንት ይወፍርና መሬትን የምታህል ፕላኔት የምትጋርደውን ያህል ብርሃን ይጋርዳል። መሣሪያው በጠፈር የሚገጥመው ዓይነት ንቅናቄ እየደረሰበት ይህን ለውጥ ለይቶ ለካ። ዕቅዱም በዲሴምበር 2001 ጸደቀ።

ኬፕለር የተባለው መንኮራኩር በማርች 2009 መጥቆ ከ150 ሺህ በላይ ከዋክብትን ያለማቋረጥ ይከታተል ጀመር። አቅጣጫውን ከሚያስጠብቁለት 4 የሚሾሩ መዘውሮች አንዱ በ2012፣ ሌላው በ2013 ተበላሸ፤ ሥራው ግን ቢያንስ ሦስት መዘውሮችን ይጠይቅ ነበር። መሐንዲሶቹም የፀሐይ ብርሃን የሚያሳድረው ግፊት በመንኮራኩሩ አካል ላይ ተመጣጥኖ እንዲያርፍ በማድረግ ያንን ግፊት በጎደለው መዘውር ምትክ ተጠቀሙበት። ነዳጁ አልቆ በኦክቶበር 2018 ሥራው ሲቆም ከ2,600 በላይ ፕላኔቶች ተገኝተውበት ነበር።

ከዋክብቱ ራሳቸው ከተገመተው በላይ ብርሃናቸው የሚዋዥቅ ሆኖ በመገኘቱ፣ ፀሐይን በሚመስል ኮከብ ዙሪያ በአንድ ዓመት የምትዞር መሬትን መሰል ፕላኔት ምን ያህል እንደምትገኝ ቁርጡ አልታወቀም። ቢሆንም ለሙያው የሚቀረው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ገምጋሚዎቹ ዕቅዱን በመለሱ ቁጥር የጎደለውን ለይተው አሳዩ፤ አቅራቢዎቹም በቅሬታ ፈንታ በልኬት መልስ ሰጡ።